ደራ ለእናቴ የወሰድኩላት የሶላር መብራት፤ ከ9 ወር በኋላ

አራት ኮከብ። አምስተኛዋን የበላት ገመዱ ነው። ስለ ገመዱ ቆየት ብዬ እመጣበታለሁ፤ አሁን ከጀመርኩት በንዴት እሱን ብቻ አውርቼ ልጨርስ ነው።

ዕቃው ይሄ ነው። የደብተር ስፋት ያላት ሶላር፣ በእጅ የምትንጠለጠል መብራት፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ረዘም ያለ ገመድ፣ ለስልክ ደግሞ ሦስት ዓይነት ጫፍ ያለው ሌላ አጭር ገመድ። ብርሃኗ ሦስት ደረጃ አለው። የገዛሁት እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ገበያ ውስጥ ካሉት ሱቆች ከአንዱ ነው። 2017 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ በ2,400 ብር። ባለሱቁ መጀመሪያ 3,000 ብሎኝ ነበር። «ኦርጅናል ነው፣ ልጆችሽ ይወርሱታል» አለኝ። ልጅ የለኝም። የሱቁን ስም አልጽፍም፤ ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ምላሱ ከዕቃው ትንሽ ይበልጣል እንጂ።

ለራሴ አይደለም የገዛሁት። እኔ ማራኪ በኩል ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ መብራት ቢሄድም ይመጣል፣ ካልመጣም ሻማ አይጠፋም። ለእናቴ ነው። እናቴ ደራ ናት።

ደራ ስል የሸዋ ሰዎች ቶሎ የጉንዶ መስቀሉ ደራ ይመጣባችኋል። አርሲም ሌላ ደራ አለ። የእኛው ደራ ደቡብ ጎንደር ነው። በምዕራብ ጣና፣ በደቡብ ዓባይ፣ በሰሜን ፎገራ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትወርዱ አዲስ ዘመንን አልፋችሁ፣ ወረታን አልፋችሁ፣ የጉማራን ድልድይ ስትሻገሩ ገባችሁ ማለት ነው። ሐሙሲት ላይ ሚኒባሱ ቆም ይላል፣ የሚሸጡ ልጆች መስኮቱን ይከቡታል፣ ረዳቱ «ቶሎ ቶሎ!» ይላል፣ አበቃ። ብዙ ሰው ደራን የሚያውቀው በዚያች አምስት ደቂቃ ነው። ሐሙሲት ስሟ እንደሚለው ገበያዋ ሐሙስ ይቆማል፣ የሌላዋ የደራ ከተማ የዓርብ ገበያም ዓርብ። «ሐሙስ ሐሙስ ደራ ይደራል» እያለ የሚቀልድ አጎት ነበረኝ። በየሳምንቱ ያቺኑ ነው የሚቀልዳት፣ በየሳምንቱ የሚስቀውም እሱ ብቻ ነው።

የእኛ ቤት ግን ከአስፋልቱ ሩቅ ነው። ከሐሙሲት ወደ ወረዳው ከተማ ወደ አንበሳሜ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ዓባይ በኩል መኪናው እስከቻለ በመኪና፣ የቀረው በእግር። በበጋ አንድ ሰዓት ተኩል። በክረምት እንደ ጭቃው ነው።

ከቤታችን ጀርባ ሸንተረር አለ። ማታ እዚያ ላይ ወጥታችሁ ወደ ታች ብታዩ ከወንዙ ማዶ መብራት ይታያል። ጢስ ዓባይ ነው። አንደኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በጃንሆይ ጊዜ፣ በ1950ዎቹ የተሠራ ነው፤ 11 ሜጋ ዋት ገደማ። ሁለተኛው በ1990ዎቹ ተጨመረ፤ 73 ሜጋ ዋት። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ያንን መብራት እያየች በኩራዝ ነው ያረጀችው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል፣ የእኛን ሰፈር መብራትም ጠምቶታል።

ኩራዝ ለማታውቁ ልጆች። የመድኃኒት ብልቃጥ ትወስዳላችሁ። ክዳኑን በሚስማር ትበሳላችሁ። ከአሮጌ ነጠላ የተገመደ ክር ታስገባላችሁ፣ ነጭ ጋዝ ትሞላላችሁ። ብርሃኑ የሚደርሰው እስከ ክንዳችሁ ነው፣ ጭሱ ግን ጣሪያ ድረስ። ልጅ ሆኜ ጠዋት ስናፈጥ ጥቁር ነበር የሚወጣው፤ የጎረቤት ልጆችም እንደዚያው ስለሆነ ንፍጥ ጥቁር ነው ብዬ ነው ያደግኩት። ጎንደር መጥቼ ነጭ ሳይ ታመምኩ ብዬ ደንግጫለሁ። እውነቴን ነው።

መብራቱን እንድገዛ ያደረገኝ ግን የእናቴ ዓይን ነው። ማዝ አለባት፣ ሐኪሞቹ ትራኮማ የሚሉት። በሽታው ሲቆይ የዓይን ቆዳው ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። በዚህ በሽታ ከአገራችን ክልሎች አማራ ክልልን የሚያህል ተጎጂ የለም፣ ከክልሉም ደቡብ ጎንደር አልተረፈችም። ለዚህ ነው በየጊዜው ለመላው ቀበሌ ኪኒን የሚታደለው። እናቴ በኋላ ጤና ጣቢያ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ተሽሏታል። ከዚያ በፊት ግን ሽፋሽፍቷን የምነቅለው እኔ ነበርኩ፣ በወረንጦ። ቀን ሥራ ስለሚበዛ ማታ ነው የምንነቅለው። ወንድሜ ኩራዙን ወደ ፊቷ አስጠግቶ ይይዛል፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ አንድ አንድ እያልኩ፣ እሷ ዝም። ጭሱ ያስለቅሳታል፣ ስታለቅስ ፀጉሩ አይታየኝም፣ አልቅሳ እስክትጨርስ ጠብቀን እንደገና። እንግዲህ ከዚያ ቤት ኩራዝን ማስወጣት ለእኔ ምን እንደሆነ ይገባችኋል።

የደረስኩት ሐምሌ 30 ማታ ነው፣ በማግሥቱ ፍልሰታ ሊገባ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ። መብራቷን ከፌስታል አውጥቼ በትልቁ ደረጃ ሳበራት ቤቱ ሁሉ ወለል አለ። እናቴ መጀመሪያ ያየችው መብራቷን አይደለም፣ ግድግዳውን ነው። «ውይ፣ ይሄን ያህል ጠቁሯል እንዴ?» አለች። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች።

«ጋዙ የት ነው የሚገባ?»

«ጋዝ የለውም እማ። በፀሐይ ነው የሚሠራው።»

«ነሐሴ ነው እኮ ልጄ። ፀሐይዋ የት አለችና?»

ባለሱቁ 2,400 ብር ተቀብሎኝ ያልነገረኝን እሷ በአንድ ደቂቃ አገኘችው። ስለዚህ ለምትገዙ ሰዎች እቅጩን ልናገር። በበጋ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ከመታት፣ በትልቁ ደረጃ አምስት ሰዓት ታበራለች፣ በትንሹ ሌሊቱን ሙሉ። በነሐሴ ደመና ግን በትልቁ ሁለት ሰዓት ብትሄድ ነው። ትንሹ ደረጃ ያን ጊዜም ያደርሳል፤ ከአራት ኩራዝ ይበልጣል። ሶላሯን ዛፍ ሥር አታስቀምጡ። እኛ መጀመሪያ ዋንዛው አጠገብ አስቀምጠናት ከሰዓት በኋላ ጥላ እየዋጣት ምንም አልሞላ ብሎ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ስናወጣት ደግሞ ዶሮዎቹ መቀመጫ አደረጓት። እናቴ አሁን በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ ታብሳታለች፤ «ፊቷን ላጥባት» ነው የምትለው።

ፍልሰታን ደራ ላይ ያልጾመ ሰው ፍልሰታን አየሁ አይበል፤ ጎንደሬዎች እንዳትቆጡ። 16ቱን ቀን ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ነው። እርሻው ላይ ጉልጓሎ አለ፣ አረም አለ፣ ግን ሌሊት ሰዓታት ይቆማል፣ ጠዋት ውዳሴ ማርያም፣ ቅዳሴው የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ሽምብራ ቆሎ፣ ትንሽ እንጀራ፣ ውኃ። እናቴ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ትነሳለች። ቤተ ክርስቲያኑ ከእኛ ቤት ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል፣ መሐል ላይ ጅረት አለ፣ ክረምት ይሞላል። ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤታችን እዚያው ጅረት ላይ አዳልጧት እግሯን ተሰብራ ነበር። አሁን እናቴ መብራቷን ይዛ ከፊት፣ ሰባት ስምንት ሴት በመስመር ከኋላ። እኔም አብሬ ሄጃለሁ። መብራቷን በነጠላዋ ሸፈን አድርጋ፣ ብርሃኑ እግር እግሯን ብቻ እንዲያይ አድርጋ ነው የምትይዘው። ለምን አልኳት። «ጨረቃን ያመጣኋት እኔ ነኝ እንዴ? ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ደጀ ሰላሙ ጋ ስትደርስ ታጠፋለች። ማንም አላዘዛትም።

በሦስተኛው ቀን ቄሰ ገበዙን ጠየቅኳቸው፣ ለውስጥ አትሆንም ወይ ብዬ። መብራቷን ተቀብለው አገላበጧት፣ አበሯት፣ አጠፏት። «ለመንገድ ጥሩ ናት» አሉኝ። «ውስጥ የሚነደው ጧፍ ነው። ጧፍ እየቀለጠ ነው የሚያበራ። ይቺ ምኗ ይቀልጣል?» መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

የኔታ ግን ሌላ ነገር አሉ። የኔታ የድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ መምህር ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ደቀ መዛሙርቱ የሚያድሩበት ጎጆዎች አሉ። ስለ ደራ እምነት የሚጽፍ ሰው ስለ ታቦትና ስለ ገዳም ይጽፋል፤ ከደራ ዳርቻ ጣና ላይ ያለውን ቂርቆስን ይጠቅሳል፣ ታቦተ ጽዮን ለብዙ ዘመን ተቀምጣበታለች የሚባለውን። ጥሩ ነው። እኔ ግን የደራ እምነት ሲባል የሚታየኝ ያቺ ጎጆ ናት። በእኛ አገር አንድ ልጅ ዳዊት ከደገመ በኋላ ይጠፋል። ለድጓ ቤተልሔም ይሄዳል፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ይሄዳል፣ ለአቋቋም እዚህ ጎንደር በዓታ ይመጣል። እናቱ ለዓመታት ላታየው ትችላለች። ማራኪ በር ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ልጅ ሲመጣ አገሩን ሳልጠይቅ አላሳልፍም። አንዴ «ከደራ» ያለኝን ልጅ ከቤት ያለውን እንጀራ ሁሉ ሰጥቼው እኔ ማታ ዳቦ በልቻለሁ።

ወደ መብራቷ ልመለስ። የቅኔ ተማሪ መብራት አይፈልግም። ቅኔ የሚቆጠረው በጨለማ ነው፣ እንዲያውም መብራት ያዘናጋል ይላሉ። ድጓ ግን ሌላ ነው። ድጓ ከፊደሉ በላይ ትንንሽ ምልክት አለው፤ ያቺን ምልክት የሳተ ዜማውን ሳተ። የብራናው ጽሑፍ ደቃቅ ነው፣ ምልክቱ ደግሞ የደቃቅ ደቃቅ። ተማሪዎቹ ቀን በየቤቱ ቁራሽ ሲለምኑ ይውላሉ፣ ሌሊት በጧፍ ቁራጭና በእሳት ብርሃን ያጠናሉ። የኔታ ለእናቴ «በሳምንት ሁለት ሌሊት ብታውሺን» አሏት። አለቀ። እናቴ እምቢ የምትል ሰው አይደለችም፣ ለየኔታማ ጨርሶ። እናም እኔ ለዓይኗ ብዬ የገዛሁት መብራት ሮብና ዓርብ የሚያድረው ተማሪዎቹ ጎጆ ነው። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፣ አልደብቅም። በእነዚያ ሌሊቶች እሷ ምን እንደምታደርግ ጠየቅኳት። «እተኛለሁ» አለችኝ።

ስልክ። ይሄን ባለሱቁ እንደ ምርቃት ነው የነገረኝ፤ ለደራ ሰው ግን ዋናው ይሄ ሆኖ አገኘሁት። ከዚህ በፊት ስልክ ቻርጅ የሚደረገው ገበያ ቀን ነበር፣ ከተማ ወርዶ፣ ተከፍሎ። ከገበያ እስከ ገበያ ስልኩ ተዘግቶ ይቀመጣል። ልጁ ጎንደር ወይ መተማ ለሥራ የሄደበት ሰው ልጁ ሲደውል አያገኘውም። አሁን እኛ ቤት ማታ ማታ ሦስት አራት ስልክ ይደረደራል። እናቴ ገንዘብ አልቀበልም አለች። ሰው ግን ባዶ እጁን አይመጣም፤ ጌሾ፣ ሽንኩርት፣ በብዛት እንቁላል። ፍልሰታ መሐል ሃያ ምናምን እንቁላል ተከምሮ የሚቀምስ ጠፋ። ሐሙስ ይዛው ወርዳ ሸጠችውና ጨውና ስኳር ገዛች። በተን ስልክ ከሆነ ሦስት አራቱን ያለችግር ትሞላለች። ስማርት ስልክ ግን ከሰካችሁባት አንዱ ብቻውን ይጠጣታል፣ ማታ መብራት የላችሁም። የወንድሜን ስማርት ስልክ እናቴ አግዳዋለች።

ሌላ ያልጠበቅኩት ጥቅም። እናቴ የሽሮ እህሏን ማታ ነው የምትለቅም። በእኛ አገር ጓያ ይዘራል፤ ዝናብም ድርቅም አይጥለውም፣ ከሽምብራና ከአተር ጋር ይቀላቀላል። ጓያ ደግሞ አብዝቶ፣ ለብዙ ጊዜ የበላ ሰው እግሩ ይያዛል። በዱላ የሚሄዱ የሰፈራችን ሰዎች አሉ፤ ከክፉ ዘመን የተረፉ። በኩራዝ ጓያን ከሽምብራ መለየት ለእሷ ዓይን የማይሆን ነገር ነው። አሁን ሰፌዱን መብራቷ ሥር ታደርግና ጥግ ጥጉን ሹል የሆነውን እየለየች በጣቷ ትወረውራለች። ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠብታ ነው።

ኅዳር 12 የሚካኤል ማኅበር የእኛ ተራ ነበር። መብራቷን ምሰሶው ላይ አንጠለጠልናት። ሁሉም ደስ ብሎት ሲመርቅ አንድ ሽማግሌ ብቻ ጽዋቸውን ወደ ብርሃኑ አነሱና አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ «በኩራዝ ሲሆን ጠላው ይጠራ ነበር» አሉ። እናቴ እስከ ዛሬ አልረሳቻትም።

አሁን ገመዱ።

በስድስተኛው ወር፣ ጥር ላይ፣ ሶላሯንና መብራቷን የሚያገናኘው ገመድ ጫፉ ላይ ላላ። ፍየል ነክሳው ቢሆን ፍየሏን እወቅሳለሁ። ፍየል አይደለችም። በየቀኑ ሲሰካና ሲነቀል የሚታጠፍባት ቦታ ላይ ነው የተበጠሰው፤ ያንን ደግሞ ዕቃውን የሠራው ሰው ማወቅ ነበረበት። ወንድሜ ጎንደር ይዞት መጣ። የአንድ ዓመት ዋስትና የሚል ካርድ አለኝ፣ ማኅተም ያለው። ካርዱን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ ካርዱን ገልብጦ በጀርባው በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አሳየኝ። ገመድ ዋስትና ውስጥ የለም።

«ታዲያ ያለ ገመድ ምን ልታደርግልኝ ነው ዋስትናው?»

«መብራቷማ ይኸው ጤነኛ ናት እህቴ፣ በእግዚአብሔር!»

ሌላ ገመድ ሽጥልኝ አልኩት። በ250 ብር ሸጠልኝ። «ያው ነው» አለኝ። ወንድሜ ያንን ገመድ ይዞ ከጎንደር አንበሳሜ፣ ከአንበሳሜ በእግር ቤት ድረስ ሄደ፤ ሲሰካው አልገባም። የመብራቷ ቀዳዳ የራሱ ዓይነት ነው፣ ከሌላ ገመድ ጋር አይገጥምም። ሐሙሲት ፈለግን፣ የለም። ባሕር ዳር ሰው አስጠየቅን፣ የለም። ሦስት ሳምንት እናቴ ወደ ኩራዟ ተመለሰች። በስልክ ስጠይቃት «ደህና ነኝ፣ ለምጄው የለ» ትለኛለች፤ እንደምትዋሽ ደግሞ ከአሳሳሏ አውቃለሁ።

በመጨረሻ ያዳነን አንበሳሜ ሬዲዮ የሚጠግን ልጅ ነው። የተበጠሰውን ቆረጠው፣ ሽቦውን ገፎ በቀጥታ በየደው፣ በፕላስተር ጠቀለለው። 50 ብር። ሲታይ ያስጠላል፣ ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ገመዱን የሚነቅለው የለም፤ ሶላሩም መብራቱም አንድ ላይ ነው የሚያድረው፣ ሮብና ዓርብ ተማሪዎቹ ሁለቱንም ተሸክመው ይወስዳሉ፣ ጠዋት ተሸክመው ይመልሳሉ። አንዱ ትንሽ ተማሪ ሶላሩን በራሱ ላይ አድርጎ ሲመጣ ያየው ወንድሜ «መንገድ ለመንገድ ቻርጅ ያደርጋታል» ብሎኛል።

መብራቷ ምን እንደማታደርግም ልጻፍ፤ ስለ ዕቃ ሲጻፍ ይሄ ይረሳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ እናቴ በስልኳ ሬዲዮ ስታዳምጥ ነበር። 5,150 ሜጋ ዋት ሲሉ ሰማች። የዓባይ ውኃ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው፣ እሷም ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ሆና ለግድቡ ቦንድ ገዝታለች፣ ወረቀቱ ሳጥኗ ውስጥ ከዳዊቱ ጋር ተቀምጧል። ደወለችልኝና «ደስ ብሎኛል» አለች። ቀጥላ «እንግዲህ ለእኛ መቼ ነው?» ስልኩን ቻርጅ ያደረገችው በእኔ መብራት ነው። ምን ልበላት። «ይመጣል» አልኳት። እስኪመጣ ይቺ ትንሽ ነገር በቦታው ትቆማለች፣ ግን እንጀራ አትጋግርም፣ ወፍጮ አታዞርም፣ የጤና ኬላውን ማቀዝቀዣ አታስነሳም። ሶላር ገዛንላቸው ብሎ እጁን የሚያራግፍ ሰው ካለ እንዳትሰሙት።

ውኃም አትቀዳም። የጤና ባለሙያዎቹ የማዝ በሽታ መከላከያው ፊትን ቶሎ ቶሎ መታጠብ ነው ይላሉ፣ የልጆችን ፊት በተለይ። ትክክል ናቸው። ምንጩ ግን ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ነው፣ በጋ ላይ ወረፋው ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። ጣና በአንድ በኩል፣ ዓባይ በሌላ በኩል፤ ጄሪካኑ ግን በእናቴ ጀርባ ነው የሚመጣው። ለፋሲካ ስሄድ «ቀጥሎ ምን ላምጣልሽ?» አልኳት። ቀሚስ ትለኛለች ብዬ ነበር። ሳታስብ «ሮቶ» አለች። ክረምት ከቆርቆሮው የሚወርደውን ልታጠራቅም ነው። የሮቶ ዋጋ ጠይቄ ነበር፣ ከመብራቷ በብዙ እጥፍ ነው። ሌላ ጊዜ ስለ እሱ እጽፋለሁ፣ ገንዘቡ ከተገኘ።

ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ግዙ። ኩራዝ ያለበት ቤት ዘመድ ያለው ሰው መግዛት አለበት ባይ ነኝ። ስትገዙ ግን ሱቁ ውስጥ ሆናችሁ ገመዱን አሥር ጊዜ ስኩ፣ ንቀሉ። ጫፉ ከሌላ ገመድ ጋር የሚገጥም መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። የዋስትና ካርዱን ጀርባ አንብቡ። ትክክለኛውን ትርፍ ገመድ አብሮ ካልሸጠላችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ፤ አራዳ ላይ ሱቅ ሞልቷል።

እኔ ትክክለኛውን ያገኘሁት ትናንት ነው። ፒያሳ አካባቢ፣ በ300 ብር። መጀመሪያ ፎቶውን ወንድሜ ልኮልኝ፣ በማስመሪያ ለክቶልኝ፣ ከዚያ ነው። ዛሬ ጠዋት ለሚኒባስ ረዳት ሰጥቼዋለሁ። ነገ ሐሙስ ነው። እናቴ ለገበያ ስትወርድ ሐሙሲት ላይ ትቀበለዋለች፣ ካልገጠመ ማታ ትደውልልኛለች።